ጌኮዋችሁ ቆዳዋን ጥላ መጨረስ ሲያቅታት

የጤፍ የኋላ ግራ እግር አራት ጣት ብቻ ነው ያለው። አምስተኛው የጠፋው እኔ ማየት የነበረብኝን ሳላይ ስለቀረሁ ነው።

ጤፍ የልጄ ጌኮ ናት፤ ጌኮ ትንሽ የእንሽላሊት ዓይነት ናት። ሌፐርድ ጌኮ የሚሏት ዓይነት ናት፤ በእኛ አፍ ነብርማ ጌኮ ብንላት ያምርባታል። ቢጫ ቆዳዋ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉባት። ልጄ ገና ስታያት «ጤፍ የተበተነባት ትመስላለች» አለች፤ ስሟ በዚያው ቀረ። የምንኖረው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። አየሩ ደረቅ ነው። በበረዶው ወራት ማሞቂያው ሌት ተቀን ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ እጅ ይነጣል፣ ጠዋት ሲነሱ ጉሮሮ ደርቆ ያድራል።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በዚያ ደረቅ አየር ውስጥ ጤፍ ቆዳዋን ጣለች። እኛም «ጨረሰች» ብለን ደስ አለን። ጣቷ ላይ የቀረችውን፣ ክር የምታህል ነጭ ቅሪት አላየናትም። በሚቀጥለው ዙር በላይዋ ላይ ሌላ ተደረበ። በሦስተኛው ዙር ጣቷ አበጠ፣ ከዚያ ጠቆረ። አንድ ቀን ጠዋት ጣቷ አልነበረም። ጅራቷ ቢቆረጥ መልሶ ይበቅል ነበር። ጣት ግን አይበቅልም።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን፣ ከእንስሳት ሐኪሟ የተማርኩትንና በእጄ የሞከርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ብዙዎቻችን ያደግነው ከእንሽላሊት እየሸሸን ነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ማታ አምፖል ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ትንኝ የምትለቅም ጌኮ አይቷል፤ «መርዝ አላት» እየተባለ በመጥረጊያ ስትባረርም አይቷል። ጌኮ መርዝ የላትም። ልጆቻችን እዚህ ሲያሳድጓት ግን እኛ ወላጆች ስለማናውቃት የምንረዳበት መንገድ ይጠፋናል። እኔም የገጠመኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጤናማውን እወቁ

ጌኮ ቆዳዋን የምትጥለው ታማ አይደለም። ዕድሜ ልኳን የምታደርገው ነገር ነው። ትንሽ ሆና በፍጥነት ስታድግ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ልትጥል ትችላለች። ካደገች በኋላ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ዙር ይሆናል።

ከመጣሏ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቀለሟ ይደበዝዛል። ቢጫው ይጠፋና ወተት የፈሰሰባት ትመስላለች። ትደበቃለች፤ ምግብም ልትተው ትችላለች። ከዚያ ቆዳው ከአፏና ከጭንቅላቷ በኩል ይከፈታል። ራሷን ድንጋይ ላይ ታሻለች፣ በአፏ እየነከሰች ትጎትታለች፣ የወለቀውንም ትበላዋለች። አዎ፣ ትበላዋለች። ልጄ መጀመሪያ ስታይ አልቅሳ ነበር፤ ልማዷ ነው፣ ምንም አይጎዳትም። ስለዚህ በምትኖርበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ የወደቀ ቆዳ ባታገኙ አትደነቁ። ሥራው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ቢበዛ አንድ ቀን ነው።

በእነዚያ ቀናት አትያዟት፣ ለእንግዳም አታሳዩዋት። ቆዳው እየለቀቀ ስለሆነ መነካት ያስጨንቃታል። ሳጥኑ ውስጥ ያልበላቻቸው ክሪኬቶች (ለምግቧ የሚሰጧት፣ ፌንጣ የሚመስሉ ነፍሳት) ካሉም አውጡ። የራባቸው ክሪኬቶች የተኛችን ጌኮ ይነክሳሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ እንድረስ። አዲሱ ቆዳ ከሥር ሲዘጋጅ፣ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ስስ እርጥበት ይፈጠራል። አሮጌው የሚላቀቀው በዚያ እርጥበት ነው። እርጥበቱ ካነሰ አሮጌው ቆዳ አዲሱ ላይ ይደርቃል። እንጀራ የጋገረ ሰው ያውቀዋል፤ ሊጥ እጅ ላይ ከደረቀ በኋላ ብትፍቁት ፀጉር ይነቅላል፣ ያማል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ብታቆዩት ግን ራሱ ይንሸራተታል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

በማግስቱ ሃያ ጣት ቁጠሩ

ነብርማ ጌኮ በእያንዳንዱ እግሯ አምስት ጣት አላት፤ ሲደመር ሃያ። ቆዳ በጣለች ማግስት እያንዳንዷን ጣት ማየት አለባችሁ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ይህን ሁለት ደቂቃ ነው ያልሰጠናት።

በእጅ ጨብጦ ጣት ለማየት መሞከር አይመከርም፤ ትንፈራገጣለች፣ ጅራቷንም ልትጥል ትችላለች። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከታች የሚታይ ግልጽ የምግብ መያዣ ፕላስቲክ ውስጥ በቀስታ እንድትገባ አደርጋለሁ። ከዚያ ዕቃውን ከፍ አድርጌ ከሥር በስልክ ፎቶ አነሳታለሁ። ፎቶውን አስፍታችሁ ስታዩ ዓይን ያለፈው ሁሉ ይታያል። አጉሊ መነጽር ካላችሁም ጥሩ ነው።

የቀረ ቆዳ ጣት ላይ ሲሆን ነጣ ያለ ካልሲ ያጠለቀች ያስመስላታል። አንዳንዴ ግን ሙሉ ካልሲ ሳይሆን ቀለበት ነው። የሚያስፈራው ቀለበቱ ነው። ሲደርቅ ይጠብቃል፣ የደም ዝውውሩን ያንቃል፣ ጣቷም ደም ሳይደርሳት ትሞታለች። የጅራት ጫፍም እንዲሁ ይሆናል።

ጣቶቹን ከጨረሳችሁ የጅራቱን ጫፍ፣ የዓይን ቆቦቹን፣ የአፍንጫ ቀዳዳዎቹን፣ የጆሮ ቀዳዳውንና ከጅራቱ ሥር ያለውን የመጸዳጃ ቀዳዳ እዩ። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቢቀር አያስጨንቅም። አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ታራግፈዋለች።

ጣቷ ቀለሟ እንደ ሌሎቹ ጣቶች የሆነች፣ ያላበጠች ከሆነች ቤት ውስጥ መርዳት ትችላላችሁ። ካበጠች፣ በጣም ከቀላች፣ ከጠቆረች ወይም መግል ካለባት ግን የቤት ሥራ አይደለም። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ደውሉ።

የእንፋሎት ሳጥኑ

አንድ ቀን ጠብቁ። ቆዳውን ጥላ ከጨረሰች 24 ሰዓት አልፎ ቅሪቱ አሁንም ካለ እንዲህ አድርጉ።

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ እሷ ዞር ለማለት የሚበቃት። ክዳኑን ጥቂት ቦታ ብሱት። የወጥ ቤት ሶፍት፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ለብ ያለ ውሃ። ይህ ዕቃ ከዚያ በኋላ ለምግብ አይመለስም፤ ላዩ ላይ ጻፉበትና ለእሷ ብቻ ይሁን።

1. ውሃውን አዘጋጁ። ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል፤ በፋራናይት ከ82 እስከ 86 ነው። መለኪያ ከሌላችሁ እንደ ሕፃን ገላ ውሃ በእጅ አንጓችሁ ሞክሩት። ሙቀት ከተሰማችሁ ለእሷ በዝቷል። እጃችሁ ላይ ቀዝቀዝ ሊል ምንም ያልቀረው ውሃ ነው ትክክለኛው።

2. ሶፍቱን አርጥቡና ጨመቅ አድርጉት። ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ከሥር አንጥፉ። ሌላ እርጥብ ሶፍት ደግሞ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎን አስቀምጡ፤ ሥሩ ትገባለች፣ ትታሽበታለች። ውሃ ማቆር አያስፈልግም። ነብርማ ጌኮ ዋናተኛ አይደለችም።

3. አስገቧትና ክዳኑን ዝጉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትቆይ። ዕቃውን ማሞቂያ ላይ ወይም ፀሐይ ያለበት መስኮት ላይ እንዳታስቀምጡ። የተዘጋ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከአጠገቧ ሳትርቁ ጠብቁ። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ለመውጣት አጥብቃ ከታገለች አውጧት።

4. ከዚያ የጆሮ ማጽጃውን ጥጥ አርጥቡና ጣቷ ላይ አንከባሉት። ከጣቷ ሥር ጀምራችሁ ወደ ጥፍሯ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በጣም በቀስታ። አትፈትጉ፣ አትጎትቱ። የራሰ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ይጠቀለላል። ጥፍሯ ጋ ስትደርሱ ተጠንቀቁ፤ ቆዳው ብዙ ጊዜ የሚይዘው እዚያ ነው፤ ከተጎተተ ጥፍሩን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

5. ካልለቀቀ ተዉት። ወደ ሳጥኗ መልሷት፣ ነገ ድገሙት። በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። በሦስት ቀን ካልለቀቀ ሐኪም ይየው።

አምስተኛው ከሁሉም ከባዱ ነው። ሰው ትንሽ ሲቀረው መተው አይወድም። እኔም «አንዴ ብቻ» ብዬ ጎትቼ ደም አይቻለሁ፤ በጣም ትንሽ ነበር፣ ግን ያን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ነው የዋለው። ከሥሩ ያለው አዲስ ቆዳ ገና ለስላሳ ነው። አሮጌውን በግድ ስታነሱ አዲሱንም ታነሱታላችሁ። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዙር ቆዳው ያው ጠባሳ ላይ እንደገና ይይዛል።

ወረንጦ የሚጠቅመው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቆዳው በራሱ ለቆ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ጫፉ ደብዛዛ በሆነ ወረንጦ ይዛችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ሲነሳ ትንሽም ቢሆን እምቢ ካለ ልቀቁት።

ስለ ቅቤና ስለ ቫዝሊን

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሳለች የጤፍን ጣት አይታ «ትንሽ ለጋ ቅቤ ቀቢያት፣ ይለሰልስላታል» አለችኝ። ከልቧ አዝና ነው። ለራስ ፀጉር፣ ለሕፃን ገላ ሲሠራ ያየችው ነገር ነው። ለጌኮ ግን አይሆንም። ዘይትም ቅቤም ቫዝሊንም ቆዳውን ይሸፍኑታል እንጂ ውሃ አያስገቡለትም። አቧራና ቆሻሻ ይይዛሉ፤ ቅቤ ደግሞ ይበላሻል። እሷ ራሷንም ትልሳለች። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የሰው ሎሽንና ሳሙና ጭራሽ አይነኳት። መቀስም እንደዚሁ። በሱቅ የሚሸጡ የቆዳ ማላቀቂያ ርጭቶች አሉ፤ አልከለክላችሁም፣ ግን ለብ ያለ ውሃ የማይሠራውን ሲሠሩ አላየሁም።

ዓይን ላይ ከቀረ

ነብርማ ጌኮ የዓይን ቆብ አላት። ትጨፍናለች፣ ትገልጣለች። ብዙ የጌኮ ዓይነቶች ይህ የላቸውም። ቆዳ ስትጥል የቆቡ ውስጠኛ ክፍልም አብሮ ይጥላል፤ ቅሪት ከቆቡ ሥር ሊቀር የሚችለው ለዚህ ነው። አንድ ዓይኗን ጨፍና ከዋለች፣ ዓይኗን ግድግዳ ላይ ካሻሸች፣ ምግብ ላይ ስትዘል ከሳተች ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ የእኔ ምክር አጭር ነው። የእንፋሎት ሳጥኑን አድርጉላት። ምንም መድኃኒት ያልተቀላቀለበት፣ ንጹሕ የዓይን ማጠቢያ ሳላይን (ጨው ያለበት ውሃ) ካላችሁ ሁለት ጠብታ ጣል አድርጉላት። ቅሪቱ በራሱ ከወጣ ጥሩ። ካልወጣ በጥጥም በወረንጦም ዓይኗ ውስጥ አትግቡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ዓይኗ ካልተከፈተ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ዓይኗ ከታመመ ማየት ያቅታታል፣ ማየት ካቃታት አታድንም፣ ካላደነች አትበላም። ለሰው ሲባል የተሠራ የቀይ ዓይን ጠብታ አትጨምሩባት።

ሥራው ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው

ጣቷን ያጸዳችሁላት ለዛሬ ነው። ሳጥኑ ካልተስተካከለ በሚቀጥለው ወር ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

ስንገዛት ሻጩ «የበረሃ እንስሳ ናት፣ ደረቅ ይሁንላት» ብሎን ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ነብርማ ጌኮ የምትገኘው በአፍጋኒስታን፣ በፓኪስታንና በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ ድንጋያማና ደረቅ በሆነ ምድር ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አትውልም። ከድንጋይ ሥር፣ ከመሬት ስንጥቅ ውስጥ ነው የምትውለው። እዚያ ውስጥ አየሩ ከውጪው ይልቅ እርጥብ ነው። የመስታወት ሳጥን ውስጥ ስናኖራት ደረቁን ምድር ሰጥተናት ስንጥቁን ነው የነፈግናት።

ስለዚህ ስንጥቁን ሥሩላት። እርጥብ ዋሻ እንበለው። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ፣ እሷ ሙሉ ሰውነቷን አስገብታ መዞር የምትችልበት። በጎኑ ወይም በክዳኑ ላይ ትከሻዋ የሚያልፍበት ቀዳዳ ክፈቱ፤ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት፣ አለዚያ ሆዷን ይቧጭራታል። ውስጡን በረጠበ ስፋግነም ሞስ፣ ውሃ አምቆ በሚይዝ ለስላሳ የዕፅዋት ዓይነት፣ ሙሉት። ሞስ ከሌለ እርጥብ ሶፍት ይሠራል፤ ልዩነቱ ሶፍቱ ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለት ቀኑ መቀየሩ ነው። ሞሱ ስትጨምቁት የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ታጥቦ እንደተጨመቀ ፎጣ ይሁን።

የት ታስቀምጡታላችሁ? ከሞቃቱ ጎን ወይም ከመሐል ወደ ሞቃቱ ጠጋ አድርጋችሁ። እኔ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ አድርጌው ነበር። አንድም ቀን አልገባችም። ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ እሷን አይስባትም፤ በዚያ ላይ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ወደ ሙቀቱ ባስጠጋሁት ማታ ገብታ ተኛች። ዋሻው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይኑር እንጂ ቀለሟ ሲደበዝዝ ብቻ የሚገባ አይሁን። በየሳምንቱ ክፈቱት፤ ሻጋታ ወይም ሽታ ካለ ሁሉንም ጣሉና አዲስ ሙሉ።

ቀሪው ሳጥን ግን ረግረግ አይሁን። አየሩ ከ30 እስከ 40 በመቶ እርጥበት ይዞ ይበቃታል። ዋሻው ውስጥ ግን ከ70 በመቶ በላይ ይሁን። ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ባለ መርፌ መለኪያ ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ የእኛው 50 እያለ እውነተኛው 18 ነበር። ያን ቀን ነው የዴንቨር የበረዶ ወራት ምን እያደረጋት እንደነበር የገባኝ። ክፍሉ ራሱ እንዲህ ከደረቀ ለክፍሉ የአየር ማርጠቢያ ብታስገቡ ለእናንተም ለከንፈራችሁ ይጠቅማል።

ሙቀቱም ከቆዳው ጋር የተያያዘ ነው። ቀዝቃዛ ጌኮ ምግቧን አትፈጭም፣ ቆዳዋንም በጊዜው አታዘጋጅም። ሞቃቱ ጎን መሬቱ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ በፋራናይት ከ88 እስከ 92 አካባቢ ነው። ቀዝቃዛው ጎን 24 ወይም 25። እሷ በመካከላቸው እየተመላለሰች ራሷን ታስተካክላለች። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) እንዳይሰካ እለምናችኋለሁ፤ ሆዷን ያቃጥላታል።

ከዚህ ሌላ የምትታሽበት ሸካራ ነገር ስጧት። ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ የእንጨት ቁራጭ፣ የቡሽ ቅርፊት። ሁሉ ነገር ለስላሳ ፕላስቲክ በሆነበት ሳጥን ውስጥ ቆዳውን የምትጀምርበት ቦታ ታጣለች። ንጹሕ ውሃ ደግሞ በየቀኑ፣ ጥልቀት በሌለው ሳህን።

ምግቧን አትርሱ

ነብርማ ጌኮ ነፍሳት ነው የምትበላው። ክሪኬት፣ ዱቢያ በረሮ፣ የዱቄት ትል። ቅጠላ ቅጠል አትበላም። ነፍሳቱ ግን ባዶ ሆድ ከሆኑ እሷም ባዶ ነው የምትበላው። ከመስጠታችሁ ከአንድ ቀን በፊት ካሮት፣ ስኳር ድንችና ጎመን አብሏቸው።

ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ3 ጋር እንደሚያስፈልጋት ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ቫይታሚን ኤ ነው። ሲያንሳት ቆዳዋ በደንብ አይለቅም፤ በተለይ ዓይኗ አካባቢ ችግሩ ይደጋገማል። ስለዚህ የምትገዙት ባለ ብዙ ቫይታሚን ዱቄት ላይ ቫይታሚን ኤ ሬቲኖል (የተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ) ሆኖ መጻፉን እዩ፤ ሰውነት ራሱ ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ ያለበት ቤታ ካሮቲን ብቻ ያለው ላይበቃት ይችላል። ደግሞ «ይጠቅማል» ብላችሁ አታብዙ። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ራሱ ቆዳ ያቆስላል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ያዙ፤ ጥርጣሬ ካላችሁ ሐኪሟን ጠይቁ።

ሁሉን አስተካክላችሁ አሁንም ከቀረ

ዋሻው አለ፣ ሙቀቱ ትክክል ነው፣ ትበላለች፣ ግን በየዙሩ ቆዳው ይቀራል። እንግዲህ ከቆዳው ሥር ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ቅንቅን ሊሆን ይችላል፤ በዓይኗ ዙሪያና በብብቷ ውስጥ የምትንቀሳቀስ ጥቁር ወይም ቀይ ነጥብ ፈልጉ። የአንጀት ትላትል ሊሆን ይችላል። ጅራቷ ከቀጠነ በጣም ተጠንቀቁ። ነብርማ ጌኮ ስቧን የምታከማቸው ጅራቷ ውስጥ ነው፤ ሲቀጥን እየተራበች ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል የአንጀት ተውሳክ ጅራትን እንዲህ ያቀጥናል፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋም ይተላለፋል። ሌላ ጌኮ ካላችሁ ለይዋቸው።

ሐኪም ስትፈልጉ ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ተሳቢ እንስሳትን እንደማያይ እወቁ። ስትደውሉ «ጌኮ ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምርመራውንም ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይቀየማችሁም። ስትሄዱ የሳጥኑን ፎቶ፣ የሙቀቱንና የእርጥበቱን ቁጥር፣ የምትሰጧትን ቫይታሚን ዕቃና በ24 ሰዓት ውስጥ የወጣ ዓይነ ምድሯን በትንሽ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጣቷ ሳይሆን ስለ ሳጥኑ ነበር።

ጌኮዋችሁ ነብርማ ካልሆነች ነገሩ ይለያል። ክሬስትድ ጌኮ ለምሳሌ በፓስፊክ ውቅያኖስ ካሉት የኒው ካሌዶኒያ ደሴቶች ደን የመጣች ናት። ጠፍታለች ተብሎ ሲታመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደገና የተገኘች ናት። እሷ ሳጥኑ በሙሉ በየምሽቱ ውሃ እንዲረጭለት፣ ቀን ደግሞ እንዲጠነፍፍ ትፈልጋለች። የዓይን ቆብ የላትም፤ ዓይኗን በምላሷ ነው የምታጸዳው። ጣቶቿ መስታወት ላይ ይጣበቃሉ፤ ቆዳ ከቀረባቸው ግን መጣበቅ ያቅታቸዋል። ግድግዳ ላይ ስትወጣ የምትንሸራተት ከሆነ ጣቶቿን እዩ። ጅራቷ ደግሞ ከወደቀ አይበቅልም።

አንድ ነገር ለእናንተ ጤና። ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ ሆነውም ሳልሞኔላ ይይዛሉ። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች እና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች እንዲህ ያለ እንስሳ እንዳይነኩ ይመክራል። የእንፋሎት ሳጥኑን ወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ አትጠቡ። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እማዬ እኛ ጋ በሰነበተችበት ጊዜ ጤፍን የያዝናት እኔና ልጄ ብቻ ነን፤ እሷ ከመስታወቱ ውጪ ሆና ነበር የምታወራት።

ልጄ ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋለች። ቆዳ የጣለችበትን ቀን፣ የዚያን ቀን እርጥበትና የጣቶቿን ሁኔታ ትጽፍበታለች። ዋሻው ከገባ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የእንፋሎት ሳጥኑ ያስፈለገን፤ ሁለቱም በበረዶው ወራት ነው። ባለፈው ሳምንት ጤፍ እንደገና ጣለች። በማግስቱ ልጄ ፎቶውን አስፍታ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያሳረፈች ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ፣ ሁሉም ንጹሕ።